ዓይን ቢጫ ሲሆን የማይጠየቀው ጥያቄ፦ የተለመዱ አንቲባዮቲኮችና የጉበት ጉዳት በምሥራቅ አፍሪካ

አንድ ጎልማሳ ጥርሱን ታመመ እንበል። በሰፈሩ ካለ መድኃኒት ቤት የሰባት ቀን አንቲባዮቲክ ገዝቶ ወሰደ። ሕመሙ ለቀቀው፤ መድኃኒቱንም ረሳው። ወር ካለፈ በኋላ የምግብ ፍላጎቱ ጠፋ፤ ሰውነቱን ያሳክከው ጀመር፤ ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቆረ። በመጨረሻም የዓይኑ ነጭ ክፍል ቢጫ ሆነ።

ቤተሰቡ ለዚህ ምልክት ስም አያጣለትም። በአማርኛ «የወፍ በሽታ» ይባላል። አንዳንዱ ወደ ጸበል፣ አንዳንዱ ወደ ባህል ሐኪም፣ ሌላው ወደ ጤና ጣቢያ ይወስደዋል። ጤና ጣቢያ ከደረሰ በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት የሄፓታይተስ ቫይረሶች ናቸው። ምርመራው ቫይረስ ካላሳየ ደግሞ ነገሩ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀራል።

በዚህ ሁሉ መሐል ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ላቦራቶሪም የማያስፈልገው አንድ ጥያቄ ሳይነሳ ሊታለፍ ይችላል፦ «ባለፉት ሦስት ወራት ምን መድኃኒት ወስደዋል?»

አንቲባዮቲኮች ጉበትን ሊጎዱ እንደሚችሉ ለሕክምናው ዓለም አዲስ ነገር አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካና በአፍሪካ ቀንድ ጉዳዩን አሳሳቢ የሚያደርገው የእያንዳንዱ እንክብል አደጋ ከሌላው ዓለም መብለጡ አይደለም። ጉዳቱ በሚደርስበት ጊዜ ተለይቶ የሚታወቅበት፣ የሚመዘገብበትና ዳግም እንዳይደርስ የሚደረግበት መንገድ ጠባብ መሆኑ ነው።

ሁለት ዓይነት ጉዳት

ጉበት ወደ ሰውነት የገባን መድኃኒት አብዛኛውን ሰባብሮና ለውጦ ለመወገድ የሚያዘጋጅ የአካል ክፍል ነው። ሥራው ራሱ ለጉዳት ያጋልጠዋል።

መድኃኒቶች ጉበትን የሚጎዱት በሁለት ዋና ዋና መንገዶች ነው። የመጀመሪያው በመጠን የሚወሰን ነው። ለዚህ የታወቀው ምሳሌ ፓራሲታሞል ነው። በታዘዘው ልክ ሲወሰድ ለብዙኃኑ ደኅንነቱ የተጠበቀ ሲሆን፣ ከልክ በላይ ሲወሰድ ግን ማንንም ሰው ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱ ስለሚገመት ማርከሻም ተገኝቶለታል።

ሁለተኛው ዓይነት ሊገመት የማይችለው ነው። መድኃኒቱ በትክክለኛው መጠን፣ ለትክክለኛው ሕመም ተሰጥቶም እንኳ በሺዎች ከሚቆጠሩ ሰዎች መካከል የአንዱን ጉበት ያውካል። ምክንያቱ ሙሉ በሙሉ ባይብራራም፣ የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓትና በዘር የሚወረሱ ባሕርያት ድርሻ እንዳላቸው ጥናቶች ያሳያሉ። አንቲባዮቲኮች የሚያስከትሉት የጉበት ጉዳት በአብዛኛው የሚመደበው በዚህ ሁለተኛው ወገን ነው።

በመድኃኒት ሳቢያ የሚደርስ የጉበት ጉዳትን ለዓመታት ሲመዘግቡ የቆዩት የአሜሪካና የስፔን የጥናት መዝገቦች በአንድ ነገር ይስማማሉ። በሐኪም ትዕዛዝ ከሚወሰዱ መድኃኒቶች መካከል ግንባር ቀደሙ ምክንያት አንቲባዮቲክ ነው። ከአንቲባዮቲኮችም በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው አሞክሲሲሊንና ክላቩላኒክ አሲድን በአንድ ላይ የያዘው፣ ብዙዎች «ኦግመንቲን» በሚለው የንግድ ስሙ የሚያውቁት መድኃኒት ነው።

ከመድኃኒቱ በኋላ የሚመጣው ሕመም

በዚህ ጥምር መድኃኒት ውስጥ ክላቩላኒክ አሲድ የተጨመረው ባክቴሪያዎች አሞክሲሲሊንን ለማክሸፍ የሚጠቀሙበትን ኢንዛይም እንዲያግድ ነው። አሞክሲሲሊን ብቻውን ሲወሰድ ጉበትን የሚጎዳው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። በመሆኑም ተመራማሪዎች ለጉዳቱ በዋናነት ተጠያቂ የሚያደርጉት ክላቩላኒክ አሲድን ነው።

የአደጋው መጠን ምን ያህል ነው? መላ ሕዝቧን መከታተል በቻለችው በአይስላንድ ተካሂዶ እአአ በ2013 የታተመ ጥናት፣ ከሆስፒታል ውጭ ጥምር መድኃኒቱን ከወሰዱ 2,350 ሰዎች መካከል በአማካይ አንዱ የጉበት ጉዳት እንደሚደርስበት ገምቷል። ለአንድ ታካሚ ይህ አነስተኛ ዕድል ነው። መድኃኒቱን በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ በሚወስድበት አገር ግን ተጎጂዎቹ በመቶዎችና በሺዎች ይቆጠራሉ።

ጉዳቱን ለመለየት አስቸጋሪ የሚያደርገው የሚታይበት ጊዜ ነው። ምልክቱ በአማካይ ሕክምናው ከተጀመረ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመጣል፤ እስከ ስምንት ሳምንት የሚዘገይበትም ጊዜ አለ። የአብዛኛው ሰው ሕክምና ደግሞ በአምስት ወይም በሰባት ቀን ያልቃል። ስለዚህ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው መድኃኒቱን ካቆመ ሳምንታት አልፈውታል። ሁለቱን ነገሮች የሚያያይዝበት ምክንያት አይታየውም።

የጉዳቱ ገጽታም ያሳስታል። የሐሞት ፍሰት ስለሚታወክ ማሳከክ፣ የሽንት መጥቆርና የሰገራ መንጣት ይከተላሉ። ይህም የሐሞት ቱቦ በጠጠር ወይም በዕጢ ሲዘጋ ከሚታየው ጋር ይመሳሰላል። የመድኃኒት ታሪኩ ያልተጠየቀ ታካሚ ላላስፈለገ ምርመራ፣ አንዳንዴም ላላስፈለገ ቀዶ ሕክምና ሊዳረግ ይችላል።

በዕድሜ የገፉ ወንዶችና መድኃኒቱን ደጋግመው የወሰዱ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። አብዛኞቹ ታካሚዎች በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያገግማሉ። በጥቂቶቹ ላይ ግን ጉበት ሥራውን እስከማቆም ይደርሳል።

ሌሎች የተለመዱ አንቲባዮቲኮችም ከዝርዝሩ ውጭ አይደሉም። ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚሰጠው ናይትሮፉራንቶይን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሥር የሰደደ የጉበት ብግነት ሊያስከትል ይችላል። ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩ ሰዎች ለመከላከያነት የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል፣ እንዲሁም ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ኤሪትሮማይሲንና አዚትሮማይሲን አልፎ አልፎ ጉበትን ይጎዳሉ። በመርፌ የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶን ደግሞ በሐሞት ከረጢት ውስጥ ዝቃጭ እንዲጠራቀም በማድረግ ይታወቃል።

ሐኪሞች ለአደጋው ክብደት አንድ የቆየ መለኪያ አላቸው። በአሜሪካዊው የጉበት ሐኪም ሃይማን ዚመርማን ስም የሚጠራው ይህ መለኪያ፣ መድኃኒት የጉበትን ሕዋሳት ጎድቶ የዓይን ቢጫነት ካስከተለ ከአሥር ታካሚዎች ቢያንስ አንዱ ለሞት ወይም ጉበት ለሚቀየርበት ደረጃ ሊዳረግ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። የጉበት ንቅለ ተከላ በቀላሉ በማይገኝበት ቀጠና ይህ አኃዝ ይበልጥ ይከብዳል።

ሁለት ዓለም አቀፍ ዕቅዶች፣ አንድ ጉበት

ጉዳዩን ዛሬ ማንሳት የሚያስፈልገው ሁለት ዓለም አቀፍ ውሳኔዎች በሚቀጥሉት ዓመታት እነዚህን መድኃኒቶች ይበልጥ በርካታ ሰዎች እጅ ስለሚያስገቡ ነው።

የመጀመሪያው የመድኃኒት መላመድን ይመለከታል። እአአ መስከረም 2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ባደረገው ከፍተኛ ስብሰባ አገራት አንድ ግብ አስቀምጠዋል። እስከ 2030 ድረስ በዓለም ለሰው ሕክምና ከሚውሉ አንቲባዮቲኮች ቢያንስ 70 በመቶው የዓለም ጤና ድርጅት «ተደራሽ» ብሎ ከመደባቸው መድኃኒቶች እንዲሆኑ ተስማምተዋል።

ድርጅቱ አንቲባዮቲኮችን «ተደራሽ»፣ «ጥንቃቄ የሚሹ» እና «ተጠባባቂ» በሚሉ ሦስት ምድቦች ይከፍላል። ዓላማው ኃይለኞቹ መድኃኒቶች ለከባድ ሕመም እንዲቆጠቡ ማድረግ ነው። አሞክሲሲሊንና ክላቩላኒክ አሲድን የያዘው መድኃኒት የሚገኘው «ተደራሽ» በተባለው ምድብ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ሳይስተዋል የሚቀር ልዩነት አለ። ምድቡ የወጣው በዋናነት መድኃኒቱ የባክቴሪያ መላመድን ከማስፋፋቱ አንጻር እንጂ ጉበትን ከመጉዳቱ አንጻር አይደለም። «ተደራሽ» ማለት «ያለ ጥንቃቄ የሚወሰድ» ማለት አይደለም። ጥምሩን ለሚያሻው ኢንፌክሽን ማዋል አንድ ነገር ነው፤ አሞክሲሲሊን ብቻውን ሊያድነው ለሚችለው ሕመም፣ ወይም አንቲባዮቲክ ጨርሶ ለማይፈውሰው ጉንፋን መስጠት ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ውሳኔ የሳንባ ነቀርሳን ይመለከታል። እአአ በ2023 በተካሄደ ተመሳሳይ ስብሰባ አገራት ከ2023 እስከ 2027 ባሉት ዓመታት 45 ሚሊዮን ሰዎች የቲቢ መከላከያ ሕክምና እንዲያገኙ ቃል ገብተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ካላቸው 30 አገራት መካከል ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ይገኙበታል።

የቲቢ ሕክምና መሠረት የሆኑት አይሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፓይራዚናማይድ ሦስቱም ጉበትን ሊጎዱ የሚችሉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ናቸው። በመከላከያ ሕክምናው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ዋነኛው ሆኖ የቆየው ደግሞ አይሶኒያዚድ ነው።

ከካፒቶል ሂል እስከ አሥመራ

አይሶኒያዚድ ጥቅም ላይ ከዋለ በኋላ ለዓመታት ብዙም ጉዳት የሌለው መድኃኒት ተደርጎ ይታይ ነበር። እአአ በ1970 በዋሽንግተን ካፒቶል ሂል ቲቢ ተከስቶ 2,321 ሠራተኞች መድኃኒቱን ለመከላከያ እንዲወስዱ ተደረገ። ከእነዚህ ውስጥ 19ኙ የጉበት ሕመም ምልክት ታየባቸው፤ ሁለቱ ሞቱ።

የሟቾቹ ቁጥር ትንሽ ነበር። ነገር ግን ማን መድኃኒቱን እንደወሰደ ይታወቅ፣ ክትትልም ይደረግ ስለነበር ጉዳቱ ሳይደበቅ ወጣ። የመከላከያ ሕክምናው አሰጣጥም ተለወጠ። ታካሚዎች በየጊዜው ስለ ጉበት ሕመም ምልክቶች እንዲጠየቁ ማድረግ የተለመደ አሠራር ሆነ።

በአፍሪካ ቀንድ ተመሳሳይ ትምህርት የሰጠችው ኤርትራ ናት። አገሪቱ ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩ ዜጎች የአይሶኒያዚድ መከላከያ ሕክምናን እአአ በ2014 ጀመረች። ከዚያ በኋላ ለብሔራዊው የመድኃኒት ደኅንነት ክትትል ማዕከል የጉበት ጉዳት ሪፖርቶች መድረስ ጀመሩ፤ በሞት ያበቁም ነበሩባቸው። ባለሙያዎቹም ሪፖርቶቹን መርምረው በሳይንሳዊ ጽሑፍ ለዓለም አሳወቁ።

ከኤርትራ ሊወሰድ የሚገባው ትምህርት መድኃኒቱ እዚያ የተለየ መርዝ መሆኑ አይደለም። ጉዳቱ የታወቀው የጤና ባለሙያዎች ያዩትን ስለጻፉና የጻፉትን የሚሰበስብ ተቋም ስለነበረ ነው። ሪፖርት ከማይመጣበት አገር «ችግር የለም» ብሎ መደምደም አይቻልም።

ለቀጠናው ሕዝብ የተለየ ትርጉም ያለው ሌላም ነጥብ አለ። አይሶኒያዚድን የሚሰብረው የጉበት ኢንዛይም በአንዳንድ ሰዎች ፈጣን፣ በሌሎች ደግሞ ዘገምተኛ ነው። ዘገምተኛ የሆነባቸው ሰዎች ለጉበት ጉዳት ይበልጥ እንደሚጋለጡ በርካታ ጥናቶች አሳይተዋል። በኢትዮጵያውያን ላይ የተደረጉ የዘረመል ጥናቶች ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከዘገምተኞቹ ወገን መሆናቸውን አመልክተዋል።

አማራጭም አለ። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው 12 ጊዜ የሚወሰደው የአይሶኒያዚድና የሪፋፔንቲን ጥምር ሕክምና ጉበትን የሚጎዳው በእጅጉ አልፎ አልፎ ነው። እአአ በ2011 በታተመ ትልቅ ጥናት ዘጠኝ ወር አይሶኒያዚድ ከወሰዱት 2.7 በመቶው ከመድኃኒቱ ጋር የተያያዘ የጉበት ጉዳት ሲደርስባቸው፣ ጥምሩን ከወሰዱት ግን 0.4 በመቶው ብቻ ናቸው የተጎዱት። ኢትዮጵያና ኬንያን ጨምሮ የቀጠናው አገራት ይህን አጭር ሕክምና ወደ ፕሮግራሞቻቸው አስገብተዋል።

ጉዳቱ ለምን ይሰወራል?

በሕግ ደረጃ በኢትዮጵያም ሆነ በኬንያ አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ የለበትም። በተግባር ግን ማዘዣ ሳይያዝ መግዛት በቀጠናው ከተሞች የተለመደ ነው። ለብዙ ቤተሰብ መድኃኒት ቤቱ የመጀመሪያው፣ አንዳንዴም ብቸኛው የሕክምና በር ነው። የሐኪም ቤት ወረፋና ወጪ ሲታሰብ የታማሚው ምርጫ ለመረዳት አይከብድም።

ችግሩ እንዲህ የተገዛ መድኃኒት ዱካ አለመተዉ ነው። እንክብሎቹ ከማሸጊያቸው ተቆርጠው ወይም በትንሽ ከረጢት ተደርገው ሲሰጡ የማስጠንቀቂያ ወረቀቱ ከካርቶኑ ጋር ይቀራል። ታማሚው የሚያስታውሰው የካፕሱሉን ቀለም እንጂ የመድኃኒቱን ስም አይደለም። ከሁለት ወር በኋላ ሐኪም ቢጠይቀው እንኳ መልስ ላይኖረው ይችላል።

ሁለተኛው መሸፈኛ የቀጠናው የጉበት በሽታዎች ብዛት ነው። ሄፓታይተስ ቢ በሰፊው ተሠራጭቷል፤ ብዙዎችም ቫይረሱ በደማቸው መኖሩን አያውቁም። ሄፓታይተስ ኢ በተፈናቃዮችና በስደተኞች መጠለያዎች ተደጋግሞ ይቀሰቀሳል። በደቡብ ሱዳን ቤንቲዩ መጠለያ በተከሰተው ወረርሽኝ እአአ በ2022 የሄፓታይተስ ኢ ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለወረርሽኝ ምላሽ ውሏል። እንዲህ ባለ ቦታ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲመጣ የሐኪሙ ሐሳብ በቅድሚያ ወደ ቫይረስ ቢሄድ ትክክል ነው። ስህተቱ የሚመጣው ሐሳቡ እዚያው ላይ ሲቆም ነው።

ሦስተኛው የጉበት ሌሎች ሸክሞች ናቸው። ከሐረርጌ እስከ ጅቡቲ፣ ከሶማሊያ እስከ ኬንያ ሜሩ የሚቃመው ጫት አንዱ ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተካሂዶ እአአ በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃም ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር ተያይዞ እንደተገኘ አመልክቷል። አረቄ፣ የኬንያው ቻንጋና የኡጋንዳው ዋራጊ፣ እንዲሁም መጠናቸው የማይታወቅ የዕፅዋት መድኃኒቶች ሲጨመሩ ጥፋተኛውን መለየት ይበልጥ ይከብዳል።

አራተኛው የምርመራ እጥረት ነው። የጉበት ኢንዛይሞችን መለካት በሆስፒታል የተለመደ ቢሆንም በበርካታ የገጠር ጤና ጣቢያዎች አይገኝም። በጤና ኬላ ደረጃ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። መድኃኒቱ የሚደርስበት ቦታና ምርመራው የሚገኝበት ቦታ ተራርቀዋል።

የታሕታይ ቆራሮ ትዝታ

የጉበት ሕመም ምክንያቱ ሳይታወቅ ምን ያህል ሊቆይ እንደሚችል ኢትዮጵያ ከራሷ ታሪክ ታውቃለች። በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ እአአ ከ2001 ጀምሮ ሆድን የሚያሳብጥና ለሞት የሚዳርግ የጉበት በሽታ በአርሶ አደር ቤተሰቦች ላይ መታየት ጀምሮ ነበር።

የተለመዱት ቫይረሶችና ሌሎች ምክንያቶች ሲመረመሩ በሽታውን ሊያብራሩ አልቻሉም። ከዓመታት ምርምር በኋላ ባለሙያዎች የደረሱበት ምክንያት በማሳ ውስጥ የሚበቅልና ከእህል ጋር የሚቀላቀል አረም የያዘው መርዛማ ንጥረ ነገር ነበር።

ያ ጉዳይ አንቲባዮቲክን አይመለከትም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ጉበት በምን እንደተጎዳ ራሱ አይናገርም። ቫይረስም፣ አረምም፣ መድኃኒትም ቢሆን የሚያሳየው ተመሳሳይ ምልክት ነው። ልዩነቱን የሚያወጣው «ምን በላችሁ? ምን ጠጣችሁ? ምን ወሰዳችሁ?» ብሎ በትዕግሥት የሚጠይቅ ሰው ነው።

ሪፖርት መድኃኒትን ሲለውጥ

አልፎ አልፎ የሚከሰት ጉዳት መድኃኒቱ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በሚደረግ ሙከራ ብዙ ጊዜ አይታይም። ከ10,000 ሰዎች አንዱን የሚጎዳ መድኃኒት በ5,000 ሰዎች ላይ ቢሞከር ማንንም ሳይጎዳ ሊያልፍ ይችላል። እውነቱ የሚወጣው ሚሊዮኖች መውሰድ ከጀመሩ በኋላ ነው። ያኔም የሚወጣው የሚመዘግብ ካለ ብቻ ነው።

ትሮቫፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ በአሜሪካ የተፈቀደው እአአ በ1997 መጨረሻ ነበር። በ1999 የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከመድኃኒቱ ጋር የተያያዙ 14 ድንገተኛ የጉበት ሥራ ማቆም ክስተቶች ሪፖርት ደረሱት። አጠቃቀሙ ወዲያውኑ ለከባድ ሕሙማን ብቻ ተወሰነ፤ በኋላም ከገበያ ጠፋ። ቴሊትሮማይሲን የተባለው ሌላ አንቲባዮቲክም በ2004 በአሜሪካ ከተፈቀደ በኋላ በጉበት ጉዳት ሳቢያ በ2007 አጠቃቀሙ ተገድቧል።

ሁለቱንም ያስቆማቸው የሐኪሞች ሪፖርት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ፕሮግራም ሥር እንዲህ ያሉ ሪፖርቶች ስዊድን ኡፕሳላ በሚገኝ ማዕከል ይጠራቀማሉ። ኢትዮጵያ፣ ኤርትራ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሱዳን የፕሮግራሙ አባላት ናቸው። በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ በኬንያ የፋርማሲና መርዞች ቦርድ ሪፖርት ይቀበላሉ። ኢትዮጵያና ኡጋንዳን ጨምሮ በአንዳንድ አገራት በሞባይል ስልክ መላክም ይቻላል።

መዋቅሩ አለ፤ የሚጎድለው ልማዱ ነው። በቀን በርካታ ታካሚ የሚያይ ጤና መኮንን ቅጽ ለመሙላት ጊዜ የለውም። አንዳንዱ ሪፖርት ማድረግ ስህተትን ማመን ይመስለዋል። ሌላው የላከው ሪፖርት ምን እንደሆነ ሰምቶ ስለማያውቅ ይሰለቻል። ውጤቱ የአይስላንድ ጥናት ለአይስላንድ ያደረገውን ያህል ስለ ቀጠናው መናገር አለመቻል ነው። ስለ አንቲባዮቲክና ጉበት ዛሬ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ታካሚዎች ነው።

በዚህ ላይ የገንዘብ ጥያቄ ተጨምሯል። እአአ በ2025 የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ሲቆራረጥና ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የነበሩ የቲቢና የኤችአይቪ ፕሮግራሞች ተናግተዋል። በጀት ሲጠብ መድኃኒቱን ለማስቀጠል ጥረት ይደረጋል፤ ክትትሉና ምርመራው ግን ወደ ኋላ የመቅረት አደጋ ይገጥማቸዋል። መድኃኒት ያለ ክትትል ሲሰጥ ደግሞ ጉዳቱ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው።

ፍርሃቱም ይገድላል

ይህን ጉዳይ በይፋ ማንሳት የራሱ አደጋ እንዳለው መዘንጋት አይገባም። በዓለም በየዓመቱ ብዙ ሰው የሚሞተው በአንቲባዮቲክ ብዛት ብቻ ሳይሆን ትክክለኛውን አንቲባዮቲክ በጊዜው ባለማግኘት ጭምር ነው። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ወይም በወሊድ ጊዜ ኢንፌክሽን የገጠማት እናት ከጉበት ጉዳት ይልቅ በእጅጉ የሚያሰጋቸው ሕክምና ማጣት ነው።

በቲቢ ላይ ሚዛኑ ይበልጥ ግልጽ ነው። ሕክምናውን በፍርሃት ያቋረጠ ታካሚ በሽታው ያገረሽበታል፤ ለቤተሰቡ ያስተላልፋል፤ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የማፍራት ዕድሉም ይጨምራል። ስለዚህ ምልክት ያየ የቲቢ ታካሚ ማድረግ ያለበት መድኃኒቱን በራሱ ውሳኔ ጥሎ መቅረት ሳይሆን በዚያው ቀን ወደ ሚታከምበት ተቋም መሄድ ነው።

ሐኪሞችም የሚሠሩበት መለኪያ አላቸው። ታካሚው ምልክት እያለበት የጉበት ኢንዛይሙ ከመደበኛው ጣሪያ ሦስት እጥፍ ካለፈ፣ ወይም ምልክት ሳይኖረው አምስት እጥፍ ካለፈ ጉበትን የሚጎዱት መድኃኒቶች ይቆማሉ። ጉበቱ ሲያገግምም መድኃኒቶቹ አንድ በአንድ በጥንቃቄ ይመለሳሉ። አብዛኛው ታካሚ በዚህ መንገድ ሕክምናውን ይጨርሳል።

ርካሹ ምርመራ

የቀጠናው መንግሥታት ለእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ መሣሪያ እስኪያሟሉ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ሆኖም ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ እርምጃዎች አሉ።

የመጀመሪያው በመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ላይ ነው። የመድኃኒቱን ስም በከረጢቱ ላይ በግልጽ መጻፍና «ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ ከጠቆረ፣ ሰውነትዎን ካሳከክዎት፣ መድኃኒቱን ጨርሰውም ቢሆን እስከ ሁለት ወር ድረስ ወደ ሐኪም ይሂዱ» ብሎ መንገር ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ሁለተኛው በሐኪሙ ክፍል ነው። ዓይኑ ቢጫ የሆነን ታካሚ ሁሉ ባለፉት ሦስት ወራት ስለወሰደው መድኃኒት፣ የዕፅዋት መድኃኒትን ጨምሮ፣ መጠየቅና መልሱን በካርዱ ላይ ማስፈር ያስፈልጋል። ከረጢቱ ወይም ማሸጊያው ቤት ካለ ቤተሰብ እንዲያመጣው ማድረግም ይረዳል።

ሦስተኛው ከሁሉም በላይ ሕይወት የሚያድነው ሊሆን ይችላል። ጉበቱ በአንድ አንቲባዮቲክ የተጎዳ ሰው ያንኑ መድኃኒት ዳግም ሲወስድ ጉዳቱ ፈጥኖና ከፍቶ ሊመለስ ይችላል። የመድኃኒቱን ስም በጽሑፍ ይዞ የሚዞር ታካሚ ይህን ያስቀራል። ስሙን የማያውቅ ታካሚ ግን ከዓመት በኋላ ጥርሱን ሲታመም ወደዚያው መድኃኒት ቤት ይመለሳል፤ ያንኑ መድኃኒትም ይገዛል።

አራተኛው የመንግሥታቱ ድርሻ ነው። «ተደራሽ» አንቲባዮቲኮችንና የቲቢ መከላከያን ለማስፋፋት የገቡት ቃል የሚለካው በተሰጠው መድኃኒት ብዛት ብቻ ከሆነ ግማሹ ሥራ ይቀራል። ስንት ሰው እንደተጎዳ መቁጠርም የዕቅዱ አካል መሆን ይኖርበታል። ኤርትራ ውስን አቅም ይዛ ያደረገችው ለሌሎቹም የሚቻል መሆኑን ያሳያል።

አንቲባዮቲኮች በዚህ ቀጠና ሚሊዮኖችን ከሞት አትርፈዋል፤ ወደፊትም ያተርፋሉ። ከእነርሱ ጋር የሚመጣው ጉዳት አልፎ አልፎ የሚከሰት መሆኑ ለተጎጂው መጽናኛ አይሆንም። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ በጤና ጣቢያ በር ላይ ለተቀመጠው ጎልማሳ መፍትሔው የሚጀምረው ሐኪሙ ምን እንደወሰደ ሲጠይቀው፣ እርሱም የመድኃኒቱን ስም ሲያውቀው ነው።